ማረሻና የማይታዩት የአፈር ሠራተኞች

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር





በምሥረታ በዓል ዕለት የአንድ ዩኒየን ጥንካሬ የሚገለጸው በካፒታሉ፣ በአባላቱ ብዛት፣ በሠራቸው መጋዘኖችና ለገበያ ባቀረበው የቡናና የበቆሎ መጠን ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የነበረ፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይሰፍር ሌላ ካፒታል አለ። ይኸውም በእያንዳንዱ አባል ማሳ ላይ፣ በላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ የሚኖረው ሕይወት ነው። የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በዚህ ካፒታል ላይ ሲሆን የሚመልሰውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ማሳን ደጋግሞ ማረስ በአፈር ውስጥ ያለውን ሕይወት ምን ያደርገዋል?

መልሱ ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። እርሻ በአፈር ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን በአንድ ቀን አይገድላቸውም። እንዲያውም ቀስቅሶ በብርቱ ያሠራቸዋል። የሚበሉት ግን አፈሩ ለብዙ ዓመታት ካጠራቀመው ቁጠባ ነው። ቁጠባው እየወጣ ካልተተካ ማሳው ይደኸያል፤ የማዳበሪያው ወጪ ይጨምራል፤ ምርቱ ግን ባለበት ይቆማል ወይም ይቀንሳል።

በአንድ ቁንጥር አፈር ውስጥ

አንድ ግራም አፈር በሁለት ጣት መካከል የሚያዝ ነው። በዚህች ቁንጥር አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ከእነሱ ጋር እንደ ድር የተዘረጉ ፈንገሶች፣ ባክቴሪያዎችን እየበሉ የሚኖሩ ባለ አንድ ሴል ነፍሳትና በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ትሎች አሉ። ከዚያም ከፍ ሲል ሁሉም አርሶ አደር የሚያውቀው የምድር ትል ይገኛል። ሁሉም ሥራ አላቸው፤ ሥራቸውም በአራት ይከፈላል።

አንደኛው ሥራ ማብላላት ነው። የወደቀ ቅጠል፣ የሞተ ሥር፣ የበቆሎ አገዳና የከብት እበት ወደ ብስባሽነት የሚለወጡት በእነዚህ ተሕዋስያን አማካይነት ነው። በውስጣቸው የታሰረው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሌላውም ንጥረ ነገር ተፈትቶ ለሰብል የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ናይትሮጅንን ከአየር መያዝ ነው። ከአየሩ 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ቢሆንም በቆሎም ሆነ ጤፍ ይህን በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ግን በባቄላ፣ በቦሎቄና በአኩሪ አተር ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚመገበው ዓይነት ይለውጠዋል። ይህ ምስጢር በጀርመናውያን ተመራማሪዎች የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነበር። ይሁንና አርሶ አደሩ ከዚያ አስቀድሞ ጥራጥሬ የተዘራበት ማሳ ለቀጣዩ ሰብል እንደሚመች በልምድ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ሥራ ፎስፈረስን ማቅረብ ነው። ይህ ለኢሉባቦር ልዩ ትርጉም አለው። በመቱ፣ በሁሩሙ፣ በያዩ፣ በጎሬና በበደሌ አካባቢ በስፋት የሚገኘው ቀይ አፈር ጥልቅና ውኃ የሚያሰርግ መልካም አፈር ነው። ነገር ግን በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም፣ በተለይ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን፣ ፎስፈረስን አጥብቆ ይይዛል። አርሶ አደሩ በቀድሞው ጊዜ በዳፕ፣ በኋላም በኤንፒኤስ መልክ ገዝቶ ከጨመረው ፎስፈረስ ብዙው በዚያው ዓመት ለሰብሉ ሳይደርስ እዚያው ተይዞ ይቀራል። ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ከተክሉ ሥር ጋር ተቆራኝተው ቀጫጭን ክሮቻቸውን ሥሩ ወደማይደርስበት ይዘረጋሉ፤ ፎስፈረስ ለቅመውም ለተክሉ ያመጣሉ። ተክሉ በፈንታው ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይሰጣቸዋል። እዚህ ላይ አንዱ ያለውን ለሌላው የሚያቀርብበት እውነተኛ የኅብረት ሥራ ይታያል።

አራተኛው ሥራ ማጣበቅ ነው። ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች የሚያመነጩት ሙጫ መሰል ነገርና የፈንገሶቹ ክር የአፈርን ቅንጣቶች እያያያዘ ጓል ይሠራል። በጓሎቹ መካከል ውኃና አየር ይተላለፋል። ዝናብ ሲዘንብ የማይፈርስ፣ በጎርፍም በቀላሉ የማይወሰድ አፈር የእነዚህ ሠራተኞች ውጤት ነው።

ደን ቡናው የሚመሰክረው

የእነዚህን ሠራተኞች ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው የያዩ ደን ቡና ማዳበሪያ ተጨምሮለት አያውቅም። ያም ሆኖ ቡናው በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር ዘመናትን ዘልቋል። የሚመግበው በየዓመቱ የሚረግፈው ቅጠልና ያንን ቅጠል የሚያብላሉት ተሕዋስያን ናቸው።

ድሪባ ሙለታ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የቡና አፈር ተሕዋስያን መርምረዋል። በዚህም የቡና ሥር ከማይኮራይዛ ፈንገሶች ጋር ተቆራኝቶ እንደሚኖር፣ በአካባቢውም የተያዘ ፎስፈረስን የሚያሟሙ ባክቴሪያዎች እንደሚገኙ ታይቷል። የፈንገሶቹ ዘር በብዛት የሚገኘው በላይኛው የአፈር ክፍል ሲሆን ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። ሠራተኞቹ የሚኖሩት ከላይ ነው። ማረሻ የሚገባውም፣ ጎርፍ የሚጠርገውም፣ ፀሐይ የሚያደርቀውም ይህንኑ የላይኛውን ክፍል ነው። በቡና ማሳ ላይ አረምን በዶማ ቆፍሮ በማውጣትና ከላይ አጭዶ እዚያው በመጎዝጎዝ መካከል ያለው ልዩነት የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ዶማው ከአረሙ ጋር የቡናውን ስስ ሥርና የፈንገሱን ክር ይቆርጣል። የታጨደው አረም ግን ጉዝጓዝ ሆኖ አፈሩን ይሸፍናል፤ ለተሕዋስያኑም ቀለብ ይሆናል።

ማረሻ ሲገባ

ለበቆሎ ማሳ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዙር፣ ለጤፍ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ዙር ይታረሳል። አርሶ አደሩ ይህን የሚያደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። አረም ይገለበጣል፤ አፈሩ ይለሰልሳል፤ ዘሩ ይመቸዋል። ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የታረሰ ማሳ ላይ ቡቃያው ለምልሞ ይታያል። ልምላሜው ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከተሕዋስያኑ ነው።

ብስባሽ በአፈር ጓል ውስጥ ተሸሽጎ ሲኖር አየር በደንብ ስለማይደርሰው ቀስ ብሎ ይብላላል። ማረሻ ጓሉን ሲሰብረው ተሸሽጎ የኖረው ብስባሽ ይጋለጣል፤ አየርም ይገባል። ባክቴሪያዎች ድግስ እንደተጠራ ሰው ይሰበሰባሉ። በዚህ ጊዜ ካርቦኑ በትንፋሻቸው ወደ አየር ይወጣል፤ ናይትሮጅኑ ደግሞ ተፈትቶ በአፈር ውስጥ ይቀራል።

በዚህ ላይ የዝናቡ ነገር ይጨመርበታል። በጎረቤት ኬንያ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ በርች እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት፣ ደርቆ የቆየ አፈር የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍበት የተሕዋስያኑ ሥራ በድንገት እንደሚንርና ብዙ ናይትሮጅን እንደሚለቀቅ አሳይቷል። በበጋ ደርቆ የከረመ፣ ከዚያም የታረሰ ማሳ በመጀመሪያው ዝናብ የሚያገኘው ሀብት ይህ ነው። ችግሩ በዚያን ጊዜ ማሳው ላይ ገና ሰብል አለመኖሩ ነው። ድግሱ ቀርቧል፤ ተጋባዡ ግን አልደረሰም። የኢሉባቦር ዝናብ ከአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ በመሆኑ ይህ ናይትሮጅን ሥር የሚቀበለው ሳያገኝ ታጥቦ ወደ ታች ይሰርጋል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር አፈሩ አሲዳማ እየሆነ እንዲሄድም አስተዋጽኦ ያደርጋል።

ስለዚህ የታረሰ ማሳ ልምላሜ ሐሰት አይደለም። ከዋናው ገንዘብ ወጪ ተደርጎ የመጣ ልምላሜ ነው። አንድ ማኅበር ትርፍ ሳያገኝ በየዓመቱ ከካፒታሉ እየቀነሰ ለአባላቱ ቢያከፋፍል ለጥቂት ዓመታት አባላቱ ሊደሰቱ ይችላሉ። ካዝናው ባዶ የሆነ ዕለት ግን ደስታው ያበቃል። ከደን የወጣ አዲስ ማሳ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ማዳበሪያ አብቅሎ ኋላ ላይ ምርቱ የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። ባክቴሪያ ቢበተን ቶሎ ይራባል። የፈንገስ ክር ግን በተቆረጠ ቁጥር እንደገና ለመዘርጋት ጊዜ ይፈልጋል። በየጥቂት ሳምንቱ የሚታረስ ማሳ ፈንገሶቹ መልሰው እንዲዘረጉ ፋታ አይሰጣቸውም። የምድር ትልም ቤቱ ይፈርስበታል፤ ለፀሐይና ለወፍ ይጋለጣል። ራቁቱን የቀረ አፈር በፀሐይ ይግላል፤ በዝናብ ጠብታ እየተደበደበ ላዩ ይጠጥራል። በተዳፋት ላይ ደግሞ ተሕዋስያኑ የሚኖሩበት የላይኛው አፈር ራሱ ተጠርጎ ወደ ሶር፣ ወደ ገባና ወደ ዴዴሳ ይወርዳል።

ከጨፌው የሚገኝ ትምህርት

አየር ወደ አፈር ሲገባ ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚታይበት ሌላ ቦታ በኢሉባቦር አለ፤ እሱም ጨፌው ነው። በሸለቆ ውስጥ ያለው ረግረጋማ መሬት በውኃ ተሸፍኖ ሲኖር አየር ስለማያገኝ የሣሩ ቅሪት በሙሉ አይብላላም። ከዓመት ዓመት እየተከማቸ ጥቁርና ለም አፈር ይሆናል። ጨፌው በቦይ ተንጠፍጥፎ በቆሎ ሲዘራበት አየር ይገባል፤ ተሕዋስያኑም የዘመናቱን ክምችት መብላት ይጀምራሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት አስደሳች ነው። ያለ ዕረፍት እየተንጠፈጠፈ፣ እየታረሰና ከብት እየተሰማራበት ሲቀጥል ግን አፈሩ ይወርዳል፤ ውኃ መያዝ ያቅተዋል፤ ሣሩም ተመልሶ አይበቅልም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢሉባቦር ረግረጋማ ቦታዎች ላይ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። ነዋሪው የጨፌውን ራስ ሳይነካ መተውን፣ ከምርት በኋላ ውኃውን መልሶ መልቀቅንና ማሳረፍን ከቆየ ልምድ እንደሚያውቅ በዚያ ተመዝግቧል። ይህ የአባቶች ጥበብ ለደረቁ ማሳም ይሠራል። ከአፈር የወጣ ይመለስ፤ አፈሩም ይረፍ የሚል ነው።

በኢትዮጵያ የተሞከረው

ሳይታረስ ወይም በትንሹ ታርሶ መዝራት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በ1998 ከክልል የግብርና ቢሮዎች ጋር በመሆን ማሳ ሳይታረስ በቆሎ የሚዘራበትን ዘዴ በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ ማሳየት ጀምሮ ነበር። በዚያ ሠርቶ ማሳያ አረም የሚጠፋው በማረሻ ሳይሆን በፀረ አረም መድኃኒት ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 በባኮና በአካባቢዋ ባሉ ሥፍራዎች በተካሄደ የምርምር ሥራ ሦስት ዓይነት ማሳዎች ጎን ለጎን ታይተዋል። አንደኛው እንደተለመደው ደጋግሞ የታረሰ ነው። ሁለተኛው በትንሹ ታርሶ ገለባው የተነሣ ሲሆን ሦስተኛው በትንሹ ታርሶ ገለባው እዚያው የተተወ ነው። በአጠቃላይ ሲታይ የተሻለ የበቆሎ ምርት የሰጠው ሦስተኛው ሆኗል። ይህ ውጤት ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው እርሻን መቀነስ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ ገለባው ከሌለ ተሕዋስያኑ የሚበሉት የላቸውም። ሁለተኛው ደግሞ ትዕግሥት ነው፤ የገለባው ጥቅም በይበልጥ የታየው በኋለኞቹ ዓመታት እንጂ ወዲያው በመጀመሪያው ዓመት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረውና ሲምሌሳ የተባለው የበቆሎና የጥራጥሬ ፕሮጀክትም በባኮና በሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች እርሻን መቀነስን፣ ገለባን መተውንና ቦሎቄን ከበቆሎ ጋር አሰባጥሮ መዝራትን በአንድነት ሞክሯል።

ከውጭ አገር ልምድ ብራዚል ትጠቀሳለች። በፓራና ግዛት አርሶ አደሮች ቀይ አፈራቸው በዝናብ እየተጠረገ ሲያስቸግራቸው አንድ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1972 ሳያርስ መዝራት ጀመረ። ዛሬ ዘዴው በዚያች አገር በሰፊው ይሠራበታል። እዚያ ግን ለመስፋፋቱ ምክንያት የሆነው የአንድ ሰው ጥረት ብቻ አይደለም፤ አርሶ አደሮች በማኅበር ተደራጅተው ልምዳቸውን መለዋወጣቸው፣ ለመዝሪያ የሚሆን መሣሪያ ማግኘታቸውና ገለባው በማሳው ላይ መቅረቱ ነው።

ቀላል ያልሆነው ጎን

ይህን ዘዴ ችግር የሌለበት አድርጎ ማቅረብ አርሶ አደሩን ማሳሳት ይሆናል። እውነተኛ ችግሮች አሉ፤ በግልጽ ሊነገሩም ይገባል።

የመጀመሪያው አረም ነው። ማረሻ ሲቀር በተለይ እንደ ሰርዶ ያለ ሥረ ብዙ ሣር ያስቸግራል። ፀረ አረም ገንዘብ ይጠይቃል፤ መከላከያ ልብስ ሳይለብሱ መርጨት ለጤና አደገኛ ነው፤ በወንዝ ዳር፣ በጨፌና በንብ ቀፎ አጠገብም ሊረጭ አይገባም። የኦርጋኒክ የምስክር ወረቀት ባለው የቡና ማሳ ላይ ደግሞ ፀረ አረም መጠቀም ፈጽሞ አይፈቀድም። ስለዚህ በጅምሩ ዓመታት የእጅ አረም ሥራ እንደሚበዛ ታውቆ፣ አንድ ቤተሰብ አርሞ ሊጨርሰው በሚችለው መሬት ብቻ መጀመር ብልህነት ነው።

ሁለተኛው የቡቃያ ቢጫነት ነው። የበቆሎ አገዳ ካርቦን የበዛበትና ናይትሮጅን ያነሰው ቀለብ ነው። ተሕዋስያኑ እሱን ለማብላላት ከአፈሩ ናይትሮጅን ይሻማሉ፤ በዚያን ጊዜ ቡቃያው ሊገረጣ ይችላል። ይህ የሚታለፍ ነገር ሲሆን ኮምፖስት በመጨመር፣ ዩሪያን በወቅቱ በመስጠትና ጥራጥሬ አሰባጥሮ በመዝራት ይቀለላል።

ሦስተኛው አሲዳማነት ነው። እጅግ አሲዳማ በሆነ አፈር ራይዞቢየም በደንብ አይሠራም፤ የሰብሉም ሥር በአሉሚኒየም ይጎዳል። ለዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን ከአፈር ጋር መቀላቀል ይፈልጋል፤ ያለ እርሻ ላይ ላዩን ቢበተን ወደ ታች የሚደርሰው በጣም ቀስ ብሎ ነው። በመሆኑም ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። አፈሩ ተመርምሮ ኖራ የሚያስፈልገው ከሆነ መጀመሪያ ኖራው ተበትኖ በእርሻ ይቀላቀላል፤ እርሻን መቀነስ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አራተኛው ምስጥ ነው። ምስጥ በሚበዛበት ቀበሌ ማሳ ላይ የተተወ ገለባ ቶሎ ሊበላ ይችላል። ይህም ሆኖ ምንም ገለባ የሌለበት ማሳ ላይ ምስጥ የሚያገኘው ብቸኛ ምግብ የቆመው ሰብል መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። አምስተኛው ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ነው፤ እዚያ መጀመሪያ ውኃ ማንጠፍጠፊያ ሳይበጅ ያለ እርሻ መዝራት አይመከርም።

ከሁሉም የሚከብደው ስድስተኛው ነው፤ ገለባው የማን ነው? በባለቤቱ ማሳ ላይ ቢበቅልም ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት መሰማሪያ ይሆናል። አንድ አርሶ አደር ገለባውን ለአፈሩ ቢተው የጎረቤት ከብት ገብቶ ይበላዋል። የተረፈው ለማገዶና ለአጥር ይወሰዳል፤ አልያም ለማጽዳት ተብሎ ይቃጠላል። ብቻውን የቆመ ሰው ይህን ሊያስቀር አይችልም። ለዚህ ነው ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የማኅበር ጉዳይ የሚሆነው።

ከየት ይጀመር

ሁሉንም ማሳ በአንድ ዓመት መለወጥ አያስፈልግም፤ አይመከርምም። ከሩብ ሔክታር ባልበለጠ መሬት ጀምሮ ከተለመደው ማሳ ጋር ጎን ለጎን ማወዳደር ይሻላል። በዚያች መሬት ላይ እርሻው ወደ አንድ ዙር ይወርዳል፤ ወይም የሚዘራበት መስመር ብቻ በማረሻ ይሰነጠቃል። በመስመሮቹ መካከል ያለው አፈር አይነካም። አገዳው አይቃጠልም፤ በመስመሮቹ መካከል ይጋደማል። በበቆሎው መካከል ቦሎቄ ይገባል፤ ወይም በሚቀጥለው ዓመት አኩሪ አተር ይፈራረቃል።

ለአኩሪ አተር ዘሩ በራይዞቢየም መታሸት ይኖርበታል፤ ከዚህ በፊት አኩሪ አተር ባልተዘራበት ማሳ ላይ ተስማሚው ባክቴሪያ በበቂ ላይኖር ይችላልና። በጥቅል የሚመጣው የራይዞቢየም ዱቄት ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፀሐይ ካገኘው ወይም ጊዜው ካለፈ ይሞታል። በጥላ ሥር ከዘሩ ጋር ታሽቶ በዚያው ዕለት በእርጥብ አፈር ላይ መዘራትና ወዲያው መሸፈን አለበት፤ ከማዳበሪያ ጋርም መቀላቀል የለበትም።

አርሶ አደሩ ራሱ የሚለካው

የአፈርን ሕይወት ለማወቅ ሁልጊዜ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አራት ቀላል መመዘኛዎች አሉ።

አንደኛው የጓል ፈተና ነው። ከሁለቱ ማሳዎች የደረቀ ጓል ተወስዶ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይቀመጣል። ወዲያው የሚፈርሰው ሙጫ ያለቀበት አፈር ነው፤ ሳይፈርስ የሚቆየው ተሕዋስያኑ ያጣበቁት ነው።

ሁለተኛው የትል ቆጠራ ነው። በዝናብ ወራት በየአቅጣጫው አንድ ክንድ ያልሞላ ጉድጓድ ይቆፈርና በወጣው አፈር ውስጥ ያሉት የምድር ትሎች ይቆጠራሉ። ከአሥር በላይ ከተገኘ መልካም ምልክት ነው።

ሦስተኛው የጨርቅ ፈተና ነው። ከንጹሕ ጥጥ የተሠራ ነጭ ጨርቅ በሁለቱም ማሳ ከላይኛው አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከሁለት ወር በኋላ ይወጣል። ተሕዋስያን በበዙበት ማሳ ጨርቁ ተበልቶ ብጭቅጫቂ ይሆናል፤ በደኸየው ማሳ ግን ከሞላ ጎደል እንዳለ ይወጣል።

አራተኛው የእባጩ ቀለም ነው። አኩሪ አተር ወይም ቦሎቄ ሲያብብ አንድ ሁለት ተክል በጥንቃቄ ከነሥሩ ተነቅሎ እባጩ በጥፍር ይሰነጠቃል። ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ናይትሮጅን እየያዘ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ላይ አይደለም።

የማኅበራትና የዩኒየኑ ድርሻ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘሩት ችግሮች ብዙዎቹ በተናጠል የሚፈቱ አይደሉም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ አንድ ሰው ገለባውን ከከብት ሊያስጥል አይችልም። አንድ ጎጥ በሙሉ ከተስማማ ግን የሚቻል ይሆናል።

መሠረታዊ ማኅበራት በጠቅላላ ጉባኤያቸው ሊመክሩበት የሚገባው የመጀመሪያው ጉዳይ የልቅ ግጦሽ ጉዳይ ነው። ከሰብል በኋላ ማሳ የሚዘጋበትን ጊዜ፣ ለከብቱ ስንት እጅ፣ ለአፈሩ ስንት እጅ ገለባ እንደሚቀር በመተዳደሪያ ደንብ መወሰን ይቻላል። ከብት ያለ መኖ ሊቀር አይችልምና በድንበርና በእርከን ላይ የመኖ ሣር መትከል አብሮ መታሰብ አለበት። ገለባ ማቃጠል እንዲቀርም በአንድ ድምፅ መወሰን ይቻላል።

ዩኒየኑም የራሱ ድርሻ አለው። ኖራና የጥራጥሬ ዘርን በጋራ ገዝቶ በወቅቱ ማድረስ፣ የራይዞቢየም ዱቄትን ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር በሞቃት መጋዘን ሳይሆን በቀዝቃዛ ሥፍራ ማቆየት፣ በየማኅበሩ አንድ የማነጻጸሪያ ማሳ እንዲኖር መደገፍና ውጤቱን በመዝገብ ማስያዝ ከአቅሙ በላይ አይሆንም። ማዳበሪያ ሲከፋፈል የስንት ኩንታል ወጪ እንደወጣ እንደሚመዘገብ ሁሉ፣ በማነጻጸሪያው ማሳ ስንት ትል እንደተቆጠረ፣ ስንት ቀን እርሻና ስንት ቀን አረም እንደፈጀ፣ ስንት ኩንታል እንደተገኘ ቢመዘገብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዩኒየኑ ለአባላቱ የሚነግረው የራሱ ማስረጃ ይኖረዋል።

በኢሉባቦር መሬት እየጠበበ፣ የወጣቱ ድርሻም እያነሰ ነው። አዲስ ማሳ ለማግኘት ደን መመንጠር ያዩንም ሆነ የቡናውን ገበያ ይጎዳል፤ ጨፌውን ማድረቅም የምንጩን ውኃ ያሳጣል። የቀረው መንገድ ያለውን አንድ ስንዝር አፈር ማበልጸግ ነው። ይህ አፈር ካለፈው ትውልድ የተቀበሉት አደራ ሲሆን በውስጡ ያሉት የማይታዩ ሠራተኞች ደመወዝ አይጠይቁም፤ የሚፈልጉት ቀለብ፣ ጥላና ፋታ ብቻ ነው። ቀለቡ ገለባው፣ ጥላው ጉዝጓዙ፣ ፋታውም ማረሻው የሚያርፍባቸው ሳምንታት ናቸው።

የከርሞ ሰው ይበለን፤ ለዩኒየኑና ለአባላቱ በሙሉ መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን።